አንድ ጣት የላላ ሰንሰለት

ስለ መኪና የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት መኪና ሳልነካ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት እሠራ ነበር። መካኒኮቹ በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው የተበላ ጎማ ወይም የተሰበረ ብረት ሲያሳዩኝ፣ ስሙንም መደርደሪያውንም ቀና ሳልል እነግራቸዋለሁ። አንድም ቀን ብሎን ፈትቼ አላውቅም፤ ግን የትኛው ሾፌር ፍሬን እንደሚበላ፣ የትኛው መካኒክ በመዶሻ እንደሚፈታ ከሚያመጡት ስብርባሪ ብቻ አውቅ ነበር። ይህን እውቀቴን ደብቄ አላውቅም። ሄግ መጥቼ የመሥሪያ ቤት ወለል ማጽዳት ከጀመርኩ በኋላም፣ ሰው ስለ መኪና ካወራ ሳልጠየቅ እገባለሁ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ሙርዋይክ በሚባል የሄግ ሰፈር ነበር የምኖረው። ጎረቤቴ የነበረ ሆላንዳዊ ሁሉን ሸጦ ወደ ስፔን ጠቅልሎ ሲሄድ፣ ጋራዡ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመችውን አሜሪካ ሠራሽ መኪናውን ለእኔ ሸጠልኝ። ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ሁለት በር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ኮፈኗ ብቻ የእኔን ወጥ ቤት የሚያክል። ቁልፉን አዙሬ ባስነሣኋት ጊዜ የሦስት ፎቅ ሰው በየመስኮቱ ብቅ አለ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «ሰው ብስክሌት በሚነዳበት አገር አንቺ ባቡር ገዛሽ» አሉኝ። እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ስሄድ ቀጥ ብዬ ነበር የምሄደው።

ብዙም ሳይቆይ አምስተርዳም፣ ኦስዶርፕ ውስጥ፣ ክርስትና ላይ ተገናኝተን አንዲት ወዳጄ ልታገባ እንደሆነ ነገረችኝ። እዚያው ኦስዶርፕ የምትኖር፣ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የምትሠራ፣ ቀጭን፣ ቁመተ ሎጋ፣ ሲከፋት ፈገግ የምትል ልጅ ናት። ሙሽራው የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሆቴል ውስጥ የሚሠራ፣ ጭምት ሰው ነው። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ቃል ኪዳኑ ሮተርዳም ከሆላንዶች በምንዋሰው ቤተ ክርስቲያን፣ ድግሱ ሄግ። እኔም እዚያው ሰው ሁሉ በሚሰማበት፣ «ከቤትሽ ወጥተሽ የምትገቢው እኔ መኪና ውስጥ ነው» አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሷም አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ፤ ነገሩ በዚያው ጸደቀ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪናዋን ወደ ባሕሩ ዳርቻ አወጣኋትና ነዳጁን ጠበቅ አድርጌ ረገጥኩት። ከኮፈኑ ሥር ድው የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ እግሬን ባነሣም መኪናዋ አላቆም አለች፤ ሞተሩ ራሱን በራሱ እየነዳ ወደ ፊት ወረወረኝ። ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሬ ቆሜ፣ ቁልፉን አጥፍቼ፣ ከአንድ የአይስክሬም ጋሪ ፊት ለፊት ቆምኩ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሞተር ከመኪናው አጽም ጋር የሚያያዘው ጎማና ብረት በተጣበቁበት መቀመጫ ነው። የግራው መቀመጫ ጎማ ተቀዷል። ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ሞተሩ በግራ ጎኑ ይነሣል፤ ሲነሣም የነዳጁን ዘንግ አብሮ ይስበዋል። ይህን ስብርባሪ በግምጃ ቤቱ መስኮት ስንቴ አይቼዋለሁ። አሁን ግን መጠገን ያለበት በእጅ ነው፤ የእኔ እጅ ደግሞ ከወረቀትና ከመጥረጊያ በቀር ምንም አይዝም።

እጁ የሚችል ሰው ከእኔ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ይኖር ነበር። ችግሩ እሳቸው የሙሽራዋ አባት መሆናቸው ነው።

አቦይ እላቸው ነበር፤ የአስመራ ሰው ናቸው፣ አባቴ ማለት ነው በእነሱ። ግማሽ ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ በመካኒክነት ስለሠሩ አማርኛቸው ከእኔ ይልቅ የጠራ ነው፤ ሲናደዱ ብቻ ትግርኛ ጣል ያደርጋሉ። ሚስታቸው ሞታ ልጃቸውን ብቻቸውን አሳድገው ያመጡ ሰው ናቸው። ወገባቸው ስለታመመ ሥራ ትተዋል። ሰው አባትየው ሰርጉን ያልፈቀዱት ሙሽራው የእነሱ ወገን ስላልሆነ ነው ብሎ አወራ፤ ጊዜው ጦርነት ነበርና ወሬው አፍ ላይ ይጥማል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ እኔ ከራሳቸው አፍ ሰምቼዋለሁ።

የሙሽራው ሦስት ሽማግሌዎች ልጅቷን ለመጠየቅ ሊመጡ ሲሉ መጀመሪያ ስልክ ደወሉ። ሆላንዶች ቀጠሮን አፍስፕራክ ይሉታል፤ ያለ አፍስፕራክ የገዛ እናትህንም አትጎበኝም። እነዚያ ሦስት የተከበሩ ሰዎች እዚህ አገር መኖር ለምዷቸው፣ «አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይመችዎታል ወይ?» ብለው ጠየቁ። አቦይ የመጣባቸውን ነገር ሳያምኑ «እሺ» አሉ። ሰዎቹ በሰዓቱ መጡ፤ የማሰሮ አበባ ይዘው። ሽማግሌ ጉዳዩ እስኪሰማለት ቆሞ ነው የሚለምነው፤ እነሱ ግን ኮታቸውን ሰቅለው ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። ገና ነገሩ ሲጀመር አንደኛው ሰዓቱን አየ፤ ባቡር እንዳያመልጣቸው።

«ልጄ ጥርስ ናት እንዴ በአፍስፕራክ የምትነቀል?» ብለው አቦይ እንዲወጡ በሩን ከፈቱላቸው።

ልጅቱም የአባቷ ልጅ ናት፤ ኩራት እራቷ። «የባሌን ሽማግሌዎች ከቤቱ አስወጣ። እኔ አልለምነውም» አለችኝ በስልክ። እዚህ ያደጉ ልጆች አባትን «እሱ» ማለት አይከብዳቸውም። «ከፈለገ በሩ ክፍት ነው፤ ይምጣ። ካልፈለገ ይቅር።» ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ «ከቤት ስወጣ ግን እጄን ማን ይዞ ያወጣኛል?» ስትለኝ አልቅሳ እንደነበር አወቅሁ።

ስለዚህ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ሁለት ነገር ይዤ ነው። አንዱን ተናገርኩ፣ አንዱን ዋጥኩ። «አቦይ፣ የመኪናዬ የሞተር መቀመጫ ተቀዷል» አልኳቸው።

መኪናዋ ለምን ሥራ እንደተፈለገች ያውቃሉ። የሙርዋይክ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ግን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። «የግራው ነው?» አሉ ብቻ። «የግራው» አልኩ። ካፖርታቸውን አነሡ።

የመጀመሪያው ቀን በስድብ ነው ያለቀው። ለብስክሌቴ መጠገኛ ገዝቼው የነበረውን የመፍቻ ሳጥን በኩራት ይዤ ቀረብኩ። አቦይ አንዱን አንሥተው ብሎኑ ላይ ገጠሙት፤ መፍቻው ልቅ ብሎ ዞረ። እጀታው ላይ ዕቃዬ እንዳይጠፋ ብዬ የቀባሁት ቀይ ቀለም ነበረበት። መልሰው እግሬ ሥር ጣሉት።

«ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ ትያለሽ፤ ይሄ በሚሊሜትር የሚሄድ ነው። አሜሪካ በኢንች ነው የምትለካው፣ አታውቂም? አጥባቂ መስለሽ ልታላሺ፣ የብሎኑን ራስ ልትበዪ! ይሄን ለብስክሌትሽ አድርጊው።»

አውቅ ነበር። ኢንችና ሚሊሜትር በተለያየ መደርደሪያ ነበር የማስቀምጠው። ግን ከመደርደሪያና ከብሎን መካከል ስንት መንገድ እንዳለ ያን ቀን ነው የገባኝ። ተናድጄ በማግስቱ በባቡር ሮተርዳም ሄድኩ። እዚያ ወደብ ላይ የመርከብ ሞተር የሚጠግን አንድ የምጽዋ ሰው አለ፤ ባለ ኢንች መፍቻዎቹን እስከ ሰርጉ ሳምንት አዋሰኝ። ሐሙስ ለሥራው ስለሚፈልጋቸው ሐሙስ እንድመልስ አስምሎኛል። ከዚያው ከተማ የአሜሪካ መኪና ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ አዲሱን መቀመጫ አገኘሁ። ሻጩ ሦስት ዓይነት አውጥቶ ግራ ሲጋባ፣ ልክ የሆነውን በጣቴ አሳየሁት። በዚህስ ማንም አይደርስብኝም።

ሥራው በእኔ እጅና በእሳቸው ዓይን ነበር። እሳቸው ወገባቸው ስለማይታጠፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በባትሪ ያበራሉ፤ እኔ ከመኪናዋ ሥር ነኝ። በመኪናዋ ሁለት ጎን ላይ ወፍራም እንጨት አጋደምን፣ ሞተሩን በገመድ ከእንጨቱ ጋር አሰርነው፣ ከሥሩም ክሪክ አቆምን። የተቀደደው መቀመጫ ሲወጣ ጎማው እንደ ደረቀ ቆዳ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አቦይ ተቀብለው እያገላበጡ አዩት። «ብዙ ዘመን ተሸክሟል» አሉ።

አዲሱን ብቻ አስገብተን መጨረስ እንችል ነበር። አቦይ ግን እንቢ አሉ። «ጎማ ዛሬ አዲስ ነው፣ ነገ ይቀደዳል። ሲቀደድ ሰው ውስጧ ካለስ?» አሉ። ሰው ሲሉ ማንን እንደሆነ አላሉም። እኔም የአገሬን ዘዴ አመጣሁ። እኛ አገር የተሰበረ ነገር ሲጠገን ብረት ይደረብበታል፤ ባሌስትራው ላይ ሌላ ባሌስትራ፣ ብየዳው ላይ ሌላ ብየዳ። መንገዱ ጉድጓድ ነውና ሁሉም ነገር ለጦርነት ነው የሚሠራው። «ጎማውን ለምን አናወጣውም? ብረት በብረት እንበይደውና ይገላገል፤ ከእንግዲህ ማን ያነቃንቀዋል?» አልኩ።

«ይሄ የሁላችንም በሽታ ነው» አሉ አቦይ። «እኔም ወጣት ሳለሁ እንደዚህ አድርጌ አንድ የጭነት መኪና ገደልኩ። ሞተር ሕይወት አለው፤ ይንቀጠቀጣል። መላወሻ ከነፈግሽው ንቅናቄውን ለሻንሲው ያስተላልፋል፤ ብየዳሽ ሳይሆን የመኪናው አጽም ይሰነጠቃል። ጎማ ሥራው ለቀቅ ማለት ነው፤ ይልቀቅ። እኛ የምናደርገው ከልክ በላይ እንዳይነሣ መያዝ ነው።»

ከሞተሩ ግራ ጎን ወደ ሻንሲው አንድ ሰንሰለት እንዲወርድ አሰቡ። የምጽዋው ሰው ሰንሰለቱ የሚያዝባቸውን ሁለት ወፍራም የብረት ጆሮዎች በየደልን፤ ዓርብ በአውቶቡስ ይዣቸው መጣሁ። ከሥር ተኝቼ ሰንሰለቱን ሳጠብቅ አቦይ አስቆሙኝ። ከላይ እጃቸውን አስገብተው ጣታቸውን በሰንሰለቱና በብረቱ መካከል አኖሩ። «አሁንም ላላ አድርጊው። አንድ ጣት። ከአንድ ጣት አትቀንሺ። ሞተሩ ሲነሣ ትንሽ ይነሣ፣ ከዚያ ሰንሰለቱ በቃህ ይበለው።»

እዚህ ላይ ነው አመሌ የመጣው። ከሥር ተጎልጉዬ ወጣሁ፤ ጸጉሬ ዘይት፣ ፊቴ ዘይት። ሁለት ሳምንት ሙሉ የዋጥኩት ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ።

«አቦይ፣ ለብረት አንድ ጣት ይለቃሉ፤ ለገዛ ልጅዎ ግማሽ ጣት ነፈጉ! ሰዎቹ ስልክ ደወሉ፣ ሶፋ ላይ ተቀመጡ፣ ምን ይጠበስ? እናት የላት፣ እህት የላት፤ ቅዳሜ ሳምንት ብቻዋን ከበር ልትወጣ ነው!»

አቦይ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጨርቅ አንሥተው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ጠረጉ። «በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ በራሷ አሳጠረች» አሉና ባትሪውን አጥፍተው ወጡ። በደረጃው ሲወጡ እያንዳንዱ እርምጃቸው ይሰማኝ ነበር። ሞተሩ በገመድ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ያን ሌሊት አልጸጸትም ብዬ ነው የተኛሁት፤ የተናገርኩት እውነት ነበርና። አሁንም አልጸጸትም። ግን እውነት ብቻውን ሞተር እንደማያስቀምጥ ይገባኛል። ጠዋት ተነሥቼ አምስተርዳም ላሉት ሽማግሌዎች ደወልኩ። የሦስቱን ታላቅ ስልክ ላይ አገኘኋቸው። «ነገ እሑድ በማለዳ ትመጣላችሁ» አልኳቸው። «ለእሳቸው ማንም ስልክ አይደውልም። አበባ የሚባል ነገር አላይም። ሰዓታችሁን ቤት አውልቃችሁ ኑ። ቁጭ በሉ ቢሏችሁ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።»

«አንቺ ሴት፣ ሽማግሌ ታስተምሪያለሽ እንዴ?» አሉኝ።

«ዛሬ አስተምራለሁ» አልኳቸው።

መጡ። እንዲያውም በመጀመሪያው ባቡር መጡ፤ ዝናብ መቷቸው ካፖርታቸው ይንጠባጠባል። እኔም ከኋላቸው ወጣሁ፤ ሴት ሽማግሌ አይሆንም የሚለኝ ሰው ቢኖር አሻግሬው ነበር የማልፈው። አቦይ በሩን በፒጃማና በሹራብ ከፈቱት። አራታችንን ዓይተው ሹራባቸውን ቆለፉ። «ግቡ። ቁጭ በሉ» አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ የሦስቱ ታላቅ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ትንሽ ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ግን ቆሙ። አቦይም ፊት ለፊታቸው ቆሙ። ከዚያ ሰውየው በመጀመሪያው ጊዜ ያልተናገሩትን ሁሉ ተናገሩ፤ የሙሽራውን ዘር፣ ጠባዩን፣ እንጀራውን፣ በመጨረሻም «ልጅዎን ለልጃችን እንለምናለን» አሉ። ቤቱ ውስጥ ከእኛ የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ነበር የሚሰማው።

«መልካም» አሉ አቦይ። «ዘመድ አለኝ። ልመካከርበት። በሌላ ቀን ተመለሱ።»

በደንቡ መሠረት ይህ ትክክለኛ መልስ ነው። ልጁን ያከበረ አባት በመጀመሪያ ልመና ልጁን አይሰጥም፤ ለሁለተኛው ደግሞ ሳምንታት ያስጠብቃል። ግን ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ደረጃውን ስንወርድ ሽማግሌዎቹ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «እዚህ አገር ከሙሽራዋ በቀር ምን ዘመድ አላቸው? ከማን ጋር ነው የሚመካከሩት?» አለ አንዱ። አቦይ በሽማግሌ ወግ መመለሳቸው ብቻ ለእኔ ትልቅ ነገር ሆኖ ታየኝ፤ ቢሆንም የቀረን አንድ ሳምንት እንኳ አልነበረም።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ የጋራዡ መብራት በርቷል። አቦይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ሰላምታ እንኳ አልሰጡኝም። «ሞተር በገመድ አንጠልጥሎ መተው ነውር ነው። ግቢ ከሥር» አሉ። ገባሁ። ስለ ልጅቱ አንድም ቃል አልተነሣም። ሰንሰለቱን አንድ ጣት ላላ አድርጌ አሰርኩት፤ እሳቸው ጣታቸውን አስገብተው ለኩ። ከዚያ በቀኝም በኩል አንድ ይጨመር አሉ። የቀኙ ወደ ታች ነው የሚጫነው፣ አይነሣም፣ ሰንሰለት አያስፈልገውም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። አልተከራከርኩም። በየብሎኑ ላይ እንዳይፈታ ሁለት ሁለት ዳዶ አስገቡብኝ፤ አንዱ ሌላውን እንዲቆልፈው። «ይህንን ማዕበልም አይፈታውም» አሉ።

ረቡዕ አብረን ነዳናት። ባዶ መንገድ ላይ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጥኩት። ሞተሩ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል አለ፣ ሰንሰለቱ ያዘው፣ ተመልሶ ተቀመጠ። እግሬን ሳነሣ መኪናዋ ታዘዘች። ደስታዬን መደበቅ ስለማልችል ጮህኩ። አቦይ መስታወቱን ዝቅ አድርገው ድምፁን እያዳመጡ፣ «ሰው ተኝቶ የሚሄድባት ሆነች» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረና ወደ ውጭ አዩ። ሐሙስ ጠዋት መፍቻዎቹን ለምጽዋው ሰው መለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን አጥቤ፣ ኮፈኗ ላይ ነጭ ጥብጣብ አስሬ ከጋራዡ ላወጣ ስል አቦይ በሩ ላይ ቆመዋል። ግራጫ ሱፍ ለብሰዋል፤ ክራቫታቸው በጥብቅ ታስሯል። ጫማቸው ተወልውሎ ያበራል። ከኮታቸው ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ የብረት እጀታ ብቅ ብሏል።

«አዲስ ብሎን ከተነዳ በኋላ ሲሞቅ ይላላል» አሉኝ ሳያዩኝ። «ኦስዶርፕ ስትደርሺ እንደገና መጥበቅ አለበት። አንቺ ደግሞ ዛሬ የአገር ልብስ ለብሰሻል፤ ከሥር አትገቢም።»

ከምጽዋው ሰው መፍቻ አንዱን አስቀርተዋል ማለት ነው ብዬ ገመትኩ። በሩን ከፈትኩላቸው። ከእኔ ጎን ተቀመጡ። በሌይደን በኩል ስናልፍ፣ «ትንሽ ቀስ በይ፣ ጊዜ አለን» አሉኝ። ጊዜ አልነበረንም፤ ግን ቀስ አልኩ።

ኦስዶርፕ ስንደርስ የሙሽራው ወገን ከሕንፃው በር ላይ እየዘፈነ ነው። የሙሽራዋ ጓደኞች በሩን ይዘው አናስገባም ይላሉ፤ ሆላንዳውያን ጎረቤቶች ጠብ መስሏቸው በረንዳ ላይ ወጥተዋል። መኪናዋን ከደጁ አቆምኩ። አቦይ ወረዱ፤ ወደ ሰዎቹ ዞር ሳይሉ ኮፈኑን ከፍተው ጎንበስ አሉ። ወገባቸው እንደሚያማቸው አውቃለሁ። እጃቸውን ለመያዝ ጠጋ አልኩ።

መሐረቡን ሲፈቱት ቀዩን ቀለም አየሁ። የእኔ የብስክሌት መፍቻ ነበር። ለብስክሌትሽ አድርጊው ብለው እግሬ ሥር የጣሉት፤ እዚያች መኪና ላይ ካለው ብሎን አንዱም ላይ የማይገጥመው። ልቅ ብሎ እየዞረ ብሎኑን ያጠብቁታል፤ በባዶ አየር ውስጥ፣ በከባድ ጥንቃቄ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው። አፌ ላይ የመጣን ነገር ለዘለቄታው ውጬ አላውቅም ነበር። ያን ዋጥኩት።

ዘፈኑ ቀዘቀዘ። ሙሽራዋ ነጭ ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አጠገቧ ማንም እጇን አልያዘም። አባቷን ከኮፈኑ ሥር ስታይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ያን ፈገግታዋን ልትፈግግ ሞከረች፣ አልሆነላትም።

«ትንሽ ቆዩ» አሉ አቦይ ቀና ሳይሉ። «ብሎን እያጠበቅሁ ነው።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች አንድ ላይ ቆመዋል፤ አንዱም ሰዓቱን አላየም። ልጅቱ ቀሚሷን ሰብስባ የእግረኛውን መንገድ አቋረጠችና አባቷ ፊት ተንበረከከች፤ ጉልበታቸውን ሳመች። ሙሽራውም ተከትሏት ተንበረከከ። አቦይ ነጩን ልብስ እንዳያቆሽሹ ሁለት እጃቸውን ከፍ አድርገው ያዙ፤ ዘይት እንደነካው መካኒክ። እጃቸው ግን ንጹሕ ነበር፤ ምንም አልነካም። እሱን እሷም ሳታየው አልቀረችም፤ አንድ እጃቸውን አውርዳ ራሷ ላይ አኖረችው። አቦይ በትግርኛ መረቋቸው፤ ሙሽራው አንድም ቃል ሳይገባው አሜን አለ። ከዚያ ልጃቸውን በእጇ ይዘው ወደ በሩ መለሷትና እንደገና ከበሩ አወጧት፤ በወጉ።

ወደ ሮተርዳም ስንነዳ ሙሽሮቹ ከኋላ ናቸው። አቦይ ከእኔ ጎን ሆነው መፍቻውን ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ «ጠብቋል። ከእንግዲህ አይነሣም» አሉኝ።

«እንዴታ፣ አቦይ» አልኳቸው። «ሲያጠብቁት አይቻለሁ።»